የጉበት ነባሮች

ልብ ትመታለች። ሳንባ ይነፋል፣ ይሟሽሻል። ሆድም ሲርበው ይጮኻል። ጉበት ግን ምንም አይልም። ከቀኝ ጎድን አጥንቶች ሥር ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ይኖራል፤ ባለቤቱ መኖሩን የሚያስታውሰው ወይ ዓይኑ ቢጫ ሲሆን ነው፣ ወይ ሐኪም ሆዱን ዳብሶ ሲነግረው። ለዱለት የሚሆን የበግ ጉበት በመዳፉ የያዘ ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ክብደቱን። ለስላሳ፣ ጠቆር ያለ፣ ደም የጠገበ ሥጋ ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት 1.5 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በየደቂቃውም 1.5 ሊትር ያህል ደም ያልፍበታል።

ነገሩን ሁሉ የሚወስነው የዚህ ደም አመጣጥ ነው። ከልብ በቀጥታ ወደ ጉበት የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። የቀረው ሦስት አራተኛ ጨጓራን፣ አንጀትን፣ ጣፊያንና ቆሽትን ዞሮ፣ ከዚያ በአንድ ትልቅ ደም ሥር ተሰብስቦ ይመጣል፤ ሐኪሞች ፖርታል ቬን ይሉታል። ከምግባችን ወደ ደም የሚገባው አብዛኛው ነገር የሚያልፈው በዚህ መንገድ ነው። ከምግቡ ጋር ደግሞ ሌላም ነገር ይመጣል። አንጀታችን በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖሩበታል፤ የእነሱ ስብርባሪ፣ አንዳንዴም በሕይወት ያለ ባክቴሪያ፣ የአንጀቱን ግድግዳ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። ጉበት በዚህ መንገድ ላይ የተቀመጠ ኬላ ነው፤ በዚህ ደም ሥር ከአንጀት የመጣው ሁሉ ወደ ልብና ወደ ቀረው አካል ከመዝለቁ በፊት እዚህ ይፈተሻል።

በጉበት ውስጥ ደም የሚያልፍባቸው ቱቦዎች እጅግ ጠባብ ናቸው። ቀይ የደም ሴሎች ጎን ለጎን መሄድ ስለማይችሉ ተራ በተራ ያልፋሉ፤ ደሙም ፍጥነቱን ያጣል። በእነዚህ ቱቦዎች ውስጥ፣ ግድግዳውን ተጠግተው፣ እጆቻቸውን ወደሚፈሰው ደም ዘርግተው የሚኖሩ ሴሎች አሉ። ኩፕፈር ሴሎች ይባላሉ። ማክሮፋጅ ከሚባሉት፣ ባዕድ ነገርን ከሚውጡና ከሚፈጩት ሴሎች ወገን ናቸው። በየአካሉ ሰፍረው ከሚኖሩት የሰውነታችን ማክሮፋጆች ከ80 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑት የሚገኙት በዚህ ዝምተኛ አካል ውስጥ ነው። ወደ አይጥ ደም ባክቴሪያ ገብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ኩፕፈር ሴሎች አብዛኛውን በደቂቃዎች ውስጥ ከደሙ ለቅመው ይይዙታል። 120 ቀን ገደማ ያገለገለውን ያረጀ ቀይ የደም ሴልም ከጣፊያ ጋር ተጋግዘው ይውጡታል፤ በውስጡ የነበረውን ብረትም ለአዲስ ደም መሥሪያ ይመልሱታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ትኩሳት የለም፣ ሕመም የለም፣ የሚሰማን ነገር የለም። ስለ በሽታ መከላከያ ስንናገር የምናወራው ሁልጊዜ ስለ ጦርነት ነው። እዚህ ግን በየቀኑ የሚሠራው ሥራ ማንሳት፣ ማጽዳትና መመለስ ነው፤ ለእኔ ከጦርነቱ ይልቅ ይህ ይደንቀኛል።

ስማቸውን ያገኙት ከካርል ቪልሄልም ፎን ኩፕፈር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1829 በዛሬዋ ላትቪያ ምድር ከተወለደው የጀርመን የሥነ አካል ሊቅ። በ1876 ኩፕፈር ይፈልግ የነበረው የጉበትን ነርቮች ነበር። ቀጭን የጉበት ቁራጭ በወርቅ ጨው ነክሮ ቢመለከት፣ በነርቭ ፈንታ ኮከብ የመሰሉ የጠቆሩ ሴሎች አየ። የኮከብ ሴሎች አላቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ በደም ቱቦዎቹ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሴሎች ሲያይ፣ እነዚያው ኮከቦች መሰሉት፤ ሁለቱንም እንደ አንድ ቆጥሮ ጻፈ። በዚያው ጊዜ፣ በ1898፣ በክራኮቭ ይሠራ የነበረው ፖላንዳዊው ታዴዎሽ ብሮቪች በላተኞቹ ራሳቸውን የቻሉ ሴሎች መሆናቸውን ለይቶ ነበር፤ ስሙን ዛሬ የሚያነሣው ግን ጥቂት ሰው ነው። ነገሩ የጠራው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ጃፓናዊው ኬንጂሮ ዋኬ የኩፕፈርን የወርቅ ዘዴ እንደገና ሞከረው። ወርቁ የሚያጠቁራቸው ሴሎች በላተኞቹ አልነበሩም። ከቱቦው ግድግዳ ጀርባ ተቀምጠው ቫይታሚን ኤ የሚያከማቹ፣ ፈጽሞ ሌላ ወገን የሆኑ ሴሎች ናቸው። ስሙ ግን ወደ እነሱ አልተመለሰም። ወርቁ ያሳያቸው የኮከብ ሴሎች በኋላ ስለሚያስፈልጉን አንባቢ በልቡ ያቆይልኝ።

በላተኞቹ ከየት መጡ? ለአርባ ዓመት ያህል መልሱ የታወቀ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 በሆላንድ የላይደኑ ራልፍ ቫን ፈርትና ባልደረቦቹ የማክሮፋጆችን የዘር ሐረግ አስቀመጡ፤ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ይወለዳሉ፣ ሞኖሳይት ተብለው በደም ይጓዛሉ፣ በየአካሉ ገብተው ይበስላሉ፣ ሲሞቱም ከመቅኒ በሚመጡ አዳዲሶች ይተካሉ። ንጹሕ፣ በቀላሉ የሚያዝ ትምህርት ነበር፤ ሐኪም የሆነ ሁሉ ተምሮታል።

ከዚያ በኋላ የመጡት ተመራማሪዎች የሴልን ዘር ወደ ኋላ መከተል ቻሉ። በአይጥ ጽንስ ላይ፣ በተመረጠ የእርግዝና ቀን ብቻ፣ ደም የሚወልዱ ሴሎችን የማይጠፋ ምልክት የሚያስይዝ የዘረ መል ዘዴ አለ። ምልክቱ ከሴል ወደ ልጅ ሴል ይወረሳል። ጽንሱ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ሙሉ አይጥ ሲሆን ምልክቱ በየትኛው አካል እንዳለ ይታያል። የፍሬደሪክ ጋይስማን ቡድንና ተባባሪዎቹ እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2015 ባወጧቸው ጥናቶች፣ የአዋቂው አይጥ ኩፕፈር ሴሎች የጥንቱን ምልክት ይዘው ተገኙ። መነሻቸው መቅኒ አልነበረም። መቅኒ ደም መሥራት ከመጀመሩ አስቀድሞ የተነሡ ናቸው፤ የተነሡትም ከአስኳል ከረጢት ነው።

አስኳል ከረጢት ከጽንሱ አካል ውጭ፣ ከሆዱ ጋር ተያይዛ የምትገኝ ትንሽ ከረጢት ናት። በሰውም ቢሆን ደም መጀመሪያ የሚታየው በእሷ ውስጥ ነው፤ ከፅንሰቱ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ግድም፣ ብዙ እናት ማርገዟን ገና ሳታውቅ። ከረጢቷ ሥራዋን ስትጨርስ ትሟሽሽና ትጠፋለች። ከእሷ የወጡት ሴሎች ግን ገና እየተሠራ ወዳለው ጉበት ይገባሉ፣ እዚያው ይሰፍራሉ፣ እዚያው እየተከፈሉ ራሳቸውን ይተካሉ። ስንቱ በቀጥታ ከከረጢቷ እንደመጣ፣ ስንቱ ደግሞ በጽንሱ ጉበት ውስጥ ሌላ ደረጃ አልፎ እንደደረሰ ክርክሩ አላበቃም። በጤናማ አካል ውስጥ ግን አብዛኞቹ ከመቅኒ ምንም ሳይጠብቁ ይኖራሉ።

ይህን ለረጅም ጊዜ ሳሰላስለው ቆይቻለሁ። በጉበቴ ውስጥ በዚህች ሰዓት ደሜን የሚፈትሹት ሴሎች ወላጆች፣ እኔ የምለው አካል የጥፍር ቁራጭ ሳያክል፣ ፊትም ጣትም ሳይኖረው፣ ከእሱ ውጭ በሆነች ከረጢት ውስጥ ነበሩ። ከረጢቷ የለችም። የሰፈሩበት ጉበት እጅግ አድጓል። እነሱ ግን ዘር ሳያቋርጡ አሉ። ጉበቱ ራሱም ያኔ ሌላ ሥራ ነበረው፤ ከሁለተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው ወር ግድም የጽንሱን ደም በዋናነት የሚሠራው እሱ ነው። በኋላ መቅኒ ውስጥ ገብተው ዕድሜ ልክ ደም የሚሠሩልን ሴሎችም በዚያ አልፈዋል። እያንዳንዳችን ለወራት ያህል ደማችንን ያገኘነው ከጉበታችን ነው።

አይጥ ሰው አይደለም፤ ይህን መርሳት አይገባም። በሰው ጉበት ውስጥ ሞልተው የሚገኙ፣ በአይጥ ጉበት ግን ብርቅ የሆኑ ሴሎች አሉ፤ ማይት ሴሎች ይባላሉ። የሚያውቁት ነገር ይገርማል። ብዙ ባክቴሪያዎች ቫይታሚን ቢ2ን ለራሳቸው ሲሠሩ መንገድ ላይ የሚፈጠር ቁስ አለ፤ ሰው ግን ይህን ቫይታሚን ከምግብ ያገኘዋል እንጂ አይሠራውም። ስለዚህ ያ ቁስ በደም ውስጥ ከተገኘ ከባዕድ መምጣቱ የተረጋገጠ ነው። ማይት ሴሎች የሚከታተሉት ያንን ነው። ከእነሱ ሌላ በቫይረስ የተያዘን ወይም ወደ ካንሰር ያዘነበለን ሴል የሚገድሉ ሊምፎሳይቶችም በጉበት ቱቦዎች ውስጥ በብዛት ይኖራሉ። ወደ በላተኞቹ ልመለስ።

ነባሮቹ ቢሞቱስ? በቤልጂየም የጌንት ከተማ የማርቲን ጊሊያምስ ቡድን ይህን ጠየቀ። ኩፕፈር ሴሎች ብቻ ተለይተው እንዲሞቱ የሚያደርግ ዘዴ ሠርቶ፣ የአይጡን ጉበት ባዶ አደረገው። በ2016 የታተመው ውጤት ቫን ፈርትንም በከፊል የካሰ ነው። የመቅኒ ልጆች የሆኑት ሞኖሳይቶች ከደም ወደ ባዶው ቦታ ገቡ፤ በቀናትና በሳምንታት ውስጥም ኩፕፈር ሴሎች ሆኑ። መልካቸው፣ የሚያበሩትና የሚያጠፉት ዘረ መል፣ ሥራቸው ከነባሮቹ ጋር አንድ ነው ለማለት ጥቂት የቀረው ሆነ። እነሱም በተራቸው እዚያው እየተከፈሉ ራሳቸውን መተካት ጀመሩ። ይህ በሁሉም ሁኔታ አይሠራም፤ ጉበት በስብ ተሞልቶ ሲቆጣ የሚገቡት አዳዲሶች ከነባሮቹ ይልቅ ቁጡ ሆነው ታይተዋል። ጤናማ ጉበት ግን እንግዳውን የራሱ ያደርገዋል።

እንዴት? በ2019 ያው ቡድን መልሱን አመጣ፤ ጎረቤቶቹ ናቸው። ኩፕፈር ሴል አብዛኛው አካሉ በደም ቱቦው ውስጥ ቢሆንም፣ ቀጫጭን እጆቹን በቱቦው ግድግዳ አሾልኮ ወደ ጀርባ ይልካል። ከግድግዳው ጀርባ የሚነካው ማንን ነው? ቫይታሚን ኤ የሚያከማቹትን የኮከብ ሴሎች። ነባሩ ሴል ሲሞት የኮከብ ሴሎቹና የቱቦው ግድግዳ ሴሎች ይህን ያውቃሉ፤ ከደም ውስጥ ሞኖሳይት ይጠራሉ፣ ያስይዛሉ፣ ከዚያም ከጉበት ሴሎች ጋር ሆነው በኬሚካል መልእክት ምን መሆን እንዳለበት ይነግሩታል። ኩፕፈር በ1876 በወርቁ ውስጥ ያያቸው እነዚያ ኮከቦች ስሙን የወሰደውን ሴል የሚያሳድጉት ናቸው። ሁለቱን ሴሎች አንድ ናቸው ማለቱ ልክ አልነበረም፤ ሁለቱ ግን ዕድሜ ልካቸውን ተነካክተው የሚኖሩ ናቸው። ስለ ጉበት ካነበብኩት ሁሉ በልቤ የቀረው ይህ ነው።

በሰው ላይ ይህንን የመሰለ ነገር የታየው በንቅለ ተከላ ነው። በአሜሪካ ዴንቨር የቶማስ ስታርዝል ቡድን ከሰው ወደ ሰው የተዛወሩ ጉበቶችን መርምሮ በ1969 እንዳስታወቀው፣ የጉበቱ ዋና ሴሎች የሰጪው ሆነው ሲቀሩ፣ በላተኞቹ ግን የተቀባዩ ሆነው ተገኙ። በአንጻሩ በ2016 የታተመ ጥናት አንድ ወገን የሆኑ ገዳይ ሊምፎሳይቶች ከንቅለ ተከላው እስከ 13 ዓመት ድረስ የሰጪው ሆነው በተቀባዩ አካል ውስጥ እንደሚገኙ አሳይቷል። በአንድ ሰው ጉበት ውስጥ የሁለት ሰው ጠባቂዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ ማለት ነው።

ጉበት እንዲህ ያለውን አብሮ መኖር የሚችል አካል መሆኑ በዚያው በ1969 ከወደ ካምብሪጅም ተሰምቷል። ሮይ ካልን በአሳማዎች ላይ ጉበት ሲያዛውር፣ መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ያልተሰጣቸው ብዙ አሳማዎች የሌላውን ጉበት ተቀብለው ቆዩ። ሌላ አካል ቢሆን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይጠፋ ነበር። ምክንያቱ አንድ አይደለም። ኩፕፈር ሴሎች የባክቴሪያ ስብርባሪ ሲያገኙ ከሚያወጡት መልእክት አንዱ ቁጣን የሚያበርድ ነው። የቱቦው ግድግዳ ሴሎችም ከምግብ የመጣን ባዕድ ነገር ለሊምፎሳይቶች የሚያሳዩት በሚያረጋጋ መንገድ ነው። ከአንጀት የሚመጣው ደም ሁሌም በባዕድ የተሞላ ነውና፣ ጉበት ባዕድን ሁሉ በጠላትነት ቢያይ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ ራሱን ያቃጥል ነበር። መታገሥ ግዴታው ነው።

ትዕግሥቱ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውንም የአገራችን ቆላ በደንብ ያውቀዋል። የወባ ተውሳክ ትንኝ ከነከሰች በኋላ የሚሮጠው ወደ ጉበት ነው፤ ወደ ጉበት ሴሎች ለመግባት ከሚጠቀምባቸው መንገዶች አንዱ ኩፕፈር ሴልን ራሱን በስቶ ማለፍ ነው። በጣና ዙሪያና በሌሎች ሐይቆችና ወንዞች ዳር የሚይዘው ቢልሃርዚያ ደግሞ እንቁላሎቹን በፖርታል ቬን በኩል ወደ ጉበት ይሰድዳል። የመከላከያ ሴሎች እንቁላሉን ይከብቡታል፣ የኮከብ ሴሎች ቫይታሚናቸውን ጥለው ጠባሳ ይሠራሉ፤ ዓመታት ሲያልፉ ጠባሳው የደሙን መንገድ ይዘጋል።

ከሁሉ የከፋው ካላዛር ነው። ተውሳኩ ሊሽማኒያ ዶኖቫኒ በ1903 ለዓለም ባሳወቁት በዊልያም ሊሽማን እና በቻርልስ ዶኖቫን ስም ይጠራል። በሁመራና በመተማ ቆላ፣ የግራር ዛፍ ባለበት፣ በበጋ በሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ መሬት ላይ የምትኖር የአሸዋ ዝንብ ታስተላልፈዋለች። ከደጋ ለሰሊጥ ሥራ የወረደ፣ በሽታውን ከዚያ በፊት አግኝቶት የማያውቅ፣ ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያድር ወጣት በቀላሉ ይያዛል። ይህ ተውሳክ ከበላተኞቹ አይሸሽም፤ መዋጥን ይፈልጋል። ሌላው ሁሉ በሚፈጭበት የሴሉ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ አሲዱን ችሎ፣ እዚያው ይራባል። ጠባቂው ራሱ ማደሪያ ይሆናል።

ያም ሆኖ በአብዛኛው ሰው ላይ አይሳካለትም። በእንስሳት ላይ በዝርዝር እንደታየው፣ የተያዙት ኩፕፈር ሴሎች አንድ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በዙሪያቸው ከደም የመጡ ሞኖሳይቶችና ሊምፎሳይቶች ክብ ይሠራሉ፤ ሊምፎሳይቶቹ በሚልኩት መልእክት በላተኞቹ ይነቁና በውስጣቸው ያለውን ተውሳክ ይገድሉታል። ነባሩ ብቻውን ያልቻለውን ከኋላ የመጡት አግዘውት ይወጣዋል። ተውሳኩ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳይታመሙ የሚቀሩት ለዚህ ነው። ረኃብ ያዳከመው፣ ኤችአይቪ መከላከያውን የጎዳበት ሰው ግን ያ ክብ አይሠራለትም፤ ጣፊያውና ጉበቱ ያብጣሉ፣ ሰውነቱ ይመነምናል፣ ደሙ ያንሳል።

ስለዚህ ከሁመራ፣ ከመተማ ወይም ከሌላ የቆላ እርሻ የተመለሰ ወንድም፣ ልጅ ወይም ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉልኝ። ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከከሳ ወይም በግራ ጎኑ በኩል ሆዱ ካበጠ፣ ወባ ነው ብላችሁ አትተዉት፤ የካላዛር ምርመራ እንዲደረግለት ጠይቁ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚሁ በሽታ የቆመ የሕክምናና የምርምር ማዕከል አለ፤ በአገራችን የተለመደው የመጀመሪያ ሕክምናም ለ17 ቀን የሚሰጥ መርፌ ነው። ካላዛር ካልታከመ ከመቶ ሕመምተኞች ከ95 በላይ የሚሆኑትን ይገድላል፤ በጊዜ የታከመ ግን አብዛኛው ይድናል።